ግቢ ሲነጠፍ ውሃው በየት ይውጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ግቢ ማስነጠፍ ይጀመራል፤ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቂርቆስ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እነሆ።

ግቢዬ ጭቃ ስለሆነ ነው የማስነጥፈው። ስለ ውሃ መውረጃ ከአሁኑ ማሰብ አለብኝ?

አዎ፣ ከድንጋዩ ምርጫም በፊት። አፈር ከዝናቡ ከፊሉን ይጠጣል። የተነጠፈ ግቢ ግን አይጠጣም፤ የወረደው ሁሉ ይፈስሳል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ግቢ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ከጣለ 2,000 ሊትር ሆነ ማለት ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ግቢው ላይ ተደፋ ማለት ነው። የሐምሌ ወይም የነሐሴ ዶፍ ይህን በአንድ ከሰዓት ሊያወርደው ይችላል። የጣሪያው ውሃ ገና አልተቆጠረም።

ሰው ለሴራሚኩ ቀለም ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ የውሃውን መውጫ ግን ለግንበኛው ይተዋል። ግንበኛውም እንደቀናው ይለቀዋል። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ሳሎን በር ላይ ሲደርስ ማፍረስ ይመጣል፤ ማፍረስ ደግሞ ከመሥራት በላይ ያስወጣል። መውጫው መጀመሪያ ይታወቅ፣ ንጣፉ ይከተል።

የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ አንድ ቱቦ ውስጥ ቢገቡ ምን ችግር አለው?

መንገዳቸው የተለያየ ነው። ከሽንት ቤት፣ ከማዕድ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወጣው የቤት ፍሳሽ ይባላል። እሱ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መስመር ይገባል፤ ከመስመሩም እንደ ቃሊቲው ወዳለ ማጣሪያ ይሄዳል። ከሰማይ የሚወርደው ግን በመንገድ ዳር ባለው የጎርፍ ቦይ አድርጎ እንደ ቀበናና ግንፍሌ ወዳሉ ወንዞች ነው የሚወርደው።

ዝናቡን ወደ ሴፕቲክ ታንክ ከለቀቃችሁት ታንኩ በጥቂት ዝናብ ይሞላል፤ ክረምቱን ሙሉ የመምጠጫ መኪና ስትጠሩ ትከርማላችሁ። ወደ ፍሳሽ መስመሩ ከለቀቃችሁት ደግሞ ቱቦው ለዚያ ሁሉ ውሃ አልተለካም፤ ከእናንተ በታች ባለው ጎረቤት ማንሆል ይገነፍላል። የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወደ ጎርፍ ቦይ መልቀቅማ ወንዝ መበከል ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል።

ሥራው ሳይጀመር ማንሆሎቹን ሁሉ አስከፍቱ። ከዚያ ከሽንት ቤት፣ ከማዕድ ቤትና ከአሸንዳ ተራ በተራ ውሃ ልቀቁ። አንድ ሰው ማንሆሉ አጠገብ ቆሞ ይይ። ውሃው ካልለየላችሁ የልብስ ሳሙና በጥብጣችሁ ልቀቁበት፤ አረፋው የቱ ጋ እንደወጣ ይናገራል። ያያችሁትን ወረቀት ላይ ንደፉት። የግንበኛው የመጀመሪያ ፕላን ይህ ወረቀት ነው።

ተዳፋቱ ስንት ይሁን?

ለለስላሳ ንጣፍ፣ ማለትም ለሴራሚክ፣ ለቴራዞና ለሊሾ፣ በ1 ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ለኮብልስቶንና ፊቱ ሻካራ ለሆነ ጥርብ ድንጋይ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ሻካራ ፊት ውሃውን ይይዘዋልና። ከዚህ ካነሰ ውሃ ይቋጥራል። በጣም ከበዛ ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ እርጥብ ሲሆንም ትልልቅ ሰዎችን ያንሸራትታል።

መለካቱ ቀላል ነው። የ1 ሜትር ሪጋ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ብረት፣ ውሰዱ። ዝቅ ባለው ጫፍ ስር 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ጣውላ አስገቡ። ውሃ ልኩን ከላይ ስታስቀምጡ አረፋው መሃል ላይ ከቆመ ተዳፋቱ ልክ ነው። ለረጅሙ ርቀት ግንበኞች ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይጠቀማሉ፤ አንዱ ጫፍ በር ላይ፣ ሌላው አጥሩ ላይ ይያዛል። ከበር እስከ አጥር 8 ሜትር ከሆነ በሜትር 1.5 ሲታሰብ ጠቅላላ ልዩነቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንን 12 ሳንቲ ሜትር አፈር ሳይቆረጥ በፊት አጥሩ ላይ ምልክት አድርጉት። «በዓይኔ አየዋለሁ» የሚል ግንበኛ ጎበዝ ቢሆንም እንኳ በዓይን ብቻ አይለካ።

ውሃው ወዴት ያዘንብል?

ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ። ይህ የማይለወጥ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መውጫው ይወስነዋል። መውጫው ብዙ ጊዜ የግቢው በር ስር ወይም የአጥሩ ዝቅተኛ ጥግ ነው። ከመውጫው ተነስታችሁ ወደ ቤቱ እየለካችሁ ኑ።

ከኋላ ሰርቪስ ቤት ካለ ሁለት ግድግዳ ይተያያል። ያኔ ሁለቱም ወገን ወደ መሃል ያዘንብልና መሃሉ ላይ ቦይ ይሮጣል። ጠባብ መተላለፊያ ላይም እንዲሁ ነው።

ንጣፉ ከቤቱ ወለል ምን ያህል ዝቅ ይበል?

ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር። ዝናብ ጠንካራ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ ይፈናጠራል። ግድግዳውን የሚጎዳው የሚፈስሰው ብቻ ሳይሆን የሚፈናጠረውም ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ካለ መውረጃው ለጊዜው ቢዘጋ እንኳ ውሃው ቤት ከመግባቱ በፊት ጊዜ ይሰጣችኋል።

በአራዳና በቂርቆስ የቆዩ ሰፈሮች ብዙዎቹ ቤቶች ጭቃ ናቸው። እነሱ ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ ታችኛውን ክፍል እዩት። ልስኑ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ተነፍቶ፣ በጣት ሲነካ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ይታያል። እሱን ገፋ ስታደርጉት የቋሚው እንጨት እግር ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። አዲሱ ንጣፍ የመሠረቱን ድንጋይ ከሸፈነው እርጥበቱ ቀጥታ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ምስጥም ይከተላል። ለእንደዚህ ያለ ቤት ንጣፉን ግድግዳው ድረስ አታስጠጉት። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቦታ ትታችሁ በጠጠር ሙሉት። ጠጠሩ ፍንጥርጣሪውን ያበርዳል፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል።

አሮጌው ንጣፍ ላይ አዲስ መደረብ ርካሽ ይመስላል። ግን በየዘመኑ ሲደረብ ግቢው ከወለሉ እኩል ይሆናል። ከፍታው ካልበቃችሁ አሮጌው ይፍረስ።

ማንሆሉና ሴፕቲክ ታንኩ አያምሩም። ሴራሚኩ ስር ቢቀሩስ?

እባካችሁ አይቅሩ። ማንሆል የተሠራው ቱቦው ሲዘጋ ተከፍቶ እንዲጠረግ ነው። መዘጋቱ ደግሞ አንድ ቀን አይቀርም። ያኔ ክዳኑ ከሴራሚክ ስር ከሆነ ሠራተኛው በመዶሻና በመሮ እየገመተ ይሰብራል። የተሰበረውን የሚተካ ያው ቀለም ያለው ሴራሚክ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል። የተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የመምጠጫ መኪናው መጥቶ ጎማውን የሚያስገባበት አፍ ያጣል።

ትክክለኛው መንገድ አንገቱን ማሳደግ ነው። አሮጌው ክዳን ይነሳል። የአፉ ዙሪያ እስከ ጠንካራው ክፍል ድረስ ይጠረባል። ከዚያ በጡብ ወይም በኮንክሪት እስከ አዲሱ ንጣፍ ልክ ይሠራና ውስጡ በደንብ ይለሰናል። ሥራው ሲጀመር ቡኮ (የተቦካ ሲሚንቶ) እና ስብርባሪ ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ የሲሚንቶ ከረጢት አፉ ላይ ይወተፋል። ሲያልቅ ከረጢቱ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። አዲስ ግቢ በመጀመሪያው ወር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እዚያ የተረሳ ከረጢት ነው።

ውበቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ መፍትሔ አለው። ብረት ቤት ሄዳችሁ በአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ፍሬም የተሠራ ጎድጓዳ የላሜራ ክዳን እዘዙ። ሴራሚኩ ወይም ድንጋዩ ክዳኑ ውስጥ ይነጠፋል። ከላይ የሚታየው ቀጭን የብረት መስመር ብቻ ነው። ሁለት የማንሻ ቀዳዳ ይኑረው። የክዳኑንና የፍሬሙን መሃል ግን በሲሚንቶ አታስሞሉ፤ በግሪስ ይታተም፣ ሽታም አያሳልፍም፣ ሲፈለግም ይከፈታል። መኪና የሚረግጠው ከሆነ ላሜራው አይችለውም። ፌሮ የገባበት ወፍራም የኮንክሪት ክዳን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሰው ሕይወት ስለሆነ ነው። አንገቱን ለማሳደግ ታንኩ ሲከፈት ማንም ውስጡ እንዳይገባ። የወደቀ ዕቃ ለማንሳትም ቢሆን። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሊያድን ተከትሎ የገባውንም ይወስዳል። የጋዝ ማስወጫ ቱቦውም ንጣፉ ሲሠራ ተቆርጦ እንዳይቀር ተከታተሉ።

ነጠላ መውረጃ ይሻላል ወይስ ፍርግርግ ክዳን ያለው ቦይ?

ግቢው ትንሽና አራት ማዕዘን ከሆነ ነጠላ መውረጃ ይበቃል። ግን ከአራቱም ጎን ወደ አንድ ነጥብ ማዘንበል ሴራሚኩን በሰያፍ ማስቆረጥ ይጠይቃል፤ አሠራሩ ከተበላሸም ውሃው ዙሪያውን ይቆማል። ቦይ ሲሆን ንጣፉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያዘነብል ለግንበኛውም ይቀላል። በር ፊት፣ የመኪና መግቢያ ላይ፣ እንዲሁም ግቢው ከቤቱ ከፍ ያለ በሆነበት ሁሉ ቦይ ምረጡ።

ቦዩ ራሱ ወለሉ ላይ ተዳፋት ይኑረው። ከላይ ቀጥ ያለ፣ ከስር ዝቅ እያለ የሚሄድ። ፍርግርጉ በእጅ የሚነሳ ይሁን፤ በሲሚንቶ የታሰረ ፍርግርግ ቅጠልና ደለል ሲሞላው ማን ይጠርገዋል? መጨረሻው ላይ፣ ቱቦው ከመጀመሩ በፊት፣ ከቱቦው አፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚል የደለል መያዣ ጉድጓድ ይሠራ። ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ ውሃው ብቻ ያልፋል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ በክረምቱ መሃል ደግሞ ደጋግማችሁ ጥረጉት።

የአሸንዳው ውሃስ?

ንጣፉ ላይ አትልቀቁት። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ መገጣጠሚያውን ይሸረሽራል። የሚወርድበት ቱቦ ቀጥታ ወደ መሬት ውስጥ ቱቦ ወይም ወደ ቦዩ ይግባ። ይህ ንጣፉ ሳይነጠፍ የሚሠራ ነው፤ በኋላ ቢታሰብ መቁረጥ ይመጣል።

ከተቻለ ግን መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ ይግባ፤ ሞልቶ የተረፈው ወደ ቦዩ ይሂድ። በከተማችን ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ልብስ ማጠቢያም፣ ግቢ ማጠቢያም፣ አትክልት ማጠጫም ይሆናል። ለመጠጥ ግን አይሆንም።

አዲሱ የግቢ መውረጃ ይሸታል። ለምን?

መውረጃው ከቤት ፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቶ ሲፎን ስለሌለው ነው። ሲፎን ውሃ ይዞ የሚቀር የታጠፈ ክፍል ነው፤ ያ ውሃ የሽታው በር ነው። የዝናብ መስመሩ ከፍሳሹ የተለየ ከሆነ ይህ ችግር ከነጭራሹ አይመጣም።

ሲፎን ኖሮትም በበጋ ከሸተተ ውሃው ደርቆ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዝናብ ስለማያገኝ ይደርቃል። በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት።

ልብስ የምናጥበውም ዕቃ የምናለቀልቀውም ግቢ ውስጥ ነው። ያ ውሃ ወዴት ይሂድ?

ወደ ቤት ፍሳሽ መስመር። ሳሙናና ቅባት ስላለው ወደ ዝናብ ቦይ አይለቀቅም። ስለዚህ የማጠቢያው ቦታ ከሌላው ንጣፍ በትንሽ ጠርዝ ይለይ፤ የራሱ መውረጃና የራሱ ሲፎን ይኑረው። ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ከተቻለ ከላዩ ቆርቆሮ ይደረግለት፤ ካልሆነ ዝናቡም በዚያው ይገባል።

መዝጊያው ደግሞ ይታወቃል። የዶሮ ወጥ ድስት ቅባት፣ የቡና አተላ፣ የሊጥ ዕቃ ታጥቦ የሚወጣው ዱቄት። የቅባቱ ውሃ ትኩስ ሆኖ ይገባል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ቱቦው ውስጥ ይረጋል። በበዓል ማግስት የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠፋው በዚህ ነው። ከማጠቢያው ቀጥሎ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ የቅባት መያዣ ጉድጓድ ብታሠሩ ቅባቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ይቀራል። አተላውን ግን ወደ ቆሻሻ ከረጢት ማራገፍ ይሻላል።

ከስር ያለውን አሮጌ ቱቦ ልተወው ወይስ ልቀይረው?

ፈትሹትና ወስኑ። የታችኛውን ማንሆል መግቢያ በጨርቅና በላስቲክ ወትፉ። ከላይ ውሃ ሙሉና የላይኛው ማንሆል ውስጥ ውሃው የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በግልጽ ከወረደ ቱቦው ያፈስሳል። የሲሚንቶ ወይም የሸክላ ቱቦ ከሆነና አጠገቡ ትልቅ ዛፍ ካለ መገጣጠሚያው ውስጥ ሥር መግባቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ቀይሩት። ግቢው ተቆፍሮ ባለበት ቱቦ መቀየር ቀላል ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል።

አዲሱ ለቤት ፍሳሽ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ይሁን፤ በሜትር ከ1.25 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ከስሩም ከጎኑም አሸዋ ይከበው፤ ድንጋይ አይንካው። በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ከማጠፍ በሁለት ባለ 45 ማጠፍ ይሻላል፤ አቅጣጫ በሚለወጥበት ደግሞ ማንሆል ይኑር። መኪና ከሚያልፍበት ስር ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፤ ካልተቻለ በኮንክሪት ይሸፈን። ጉድጓዱ ሳይደፈን ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ኮብልስቶን ውሃ ያሰርጋል ይባላል። ቱቦ መቅበሩ ቢቀርስ?

በከፊል እውነት ነው። አሸዋ ላይ የተደረደረ ኮብልስቶን በመሃሉ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል። ክፍተቱ በአቧራ ሲሞላ ግን ይቀንሳል። መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ከተሞላ ደግሞ ከሊሾ አይለይም።

ወሳኙ ከስር ያለው አፈር ነው። ጥቁሩ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሱ ውስጥ ውሃ ማስረግ ንጣፉን ማስነሳት ነው። አፈራችሁን ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አንዴ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ፣ ከዚያ ድጋሚ ሙሉት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ማስረጉን እርሱት። ከሰረገ ደግሞ ማስረጊያ ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረት 5 ሜትር ያህል ይራቅ። በመሃል ከተማ ግቢ ይህን ርቀት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ቱቦውን መቅበር ነው የሚያዋጣው።

ግቢው የጋራ ነው። ማንሆሉ እኔ በር ላይ ነው፣ የሚጠቀሙት ግን አምስት ቤቶች ናቸው። ብቻዬን ላስነጥፍ እችላለሁ?

ሳይነጋገሩ አይሆንም። የእናንተ በር ፊት ከፍ ሲል ውሃው ወደ እነሱ ይዞራል። ቁፋሮው ሲጀመርም የሁሉም ሽንት ቤት ለአንድና ለሁለት ቀን ሊቆም ይችላል። ቡና አፍልታችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ተነጋገሩ፦ ውሃው በየት እንደሚሄድ፣ ማንሆሉን ማን እንደሚያስጠርግ፣ ወጪው እንዴት እንደሚካፈል። ንጣፉን ለየብቻ መክፈል ይቻላል። ቱቦውና ማንሆሉ ግን የሁሉም ነው፣ ወጪውም የሁሉም ቢሆን ይገባል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

የኔን ግቢ ውሃ በአጥሩ ስር ወደ ጎረቤት ብለቀውስ? ድሮም የሚሄደው በዚያ ነበር።

ድሮ አፈሩ ጠጥቶ የተረፈው ነበር የሚያልፈው። አሁን ሁሉም፣ በአንድ ቀዳዳ፣ በኃይል ነው የሚደርስበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለይዞታ በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። የጎረቤት መሠረት ከተጎዳ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው።

መሬቱ ወደ እሱ የሚያዘነብል ከሆነና ሌላ መውጫ ከሌለ ሄዳችሁ አነጋግሩት። በሱ ግቢ ዳር አንድ የተዘጋ ቱቦ ቀብራችሁ በራሳችሁ ወጪ እስከ መንገዱ ቦይ ማድረስ ብዙ ጊዜ ያስማማል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቤት ይሸጣል፣ ጎረቤት ይቀየራል።

መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ ከግቢዬ ከፍ አለ። አሁን ውሃው መውጫ የለውም። ምን ላድርግ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ መንገዶችና የእግረኛ መንገዶች እንደ አዲስ ተሠርተዋል፤ ጥያቄው የበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አትደናገጡ። የሚያስፈልጋችሁ የመንገዱ ላይኛው ፊት ሳይሆን የጎርፍ ቦዩ ወለል ነው። መንገዱ ከግቢያችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢልም ቦዩ ወደ ታች 80 ሳንቲ ሜትር ካለው አሁንም ከእናንተ ይወርዳል። በውሃ ጎማው ለኩት። ከወረደ በእግረኛ መንገዱ ስር ቱቦ አሳልፎ ማገናኘት ይቻላል። ግን መንገዱን በራሳችሁ አትቁረጡ፤ በወረዳው በኩል ፈቃድ ጠይቁ።

ቦዩም ከፍ ካለ የሚቀረው ውሃውን አጠራቅሞ መግፋት ነው። በዝቅተኛው ጥግ ጉድጓድ ይሠራና ጠላቂ ፓምፕ ይገባበታል። ችግሩ ዶፍ ሲጥል መብራት መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት፤ መብራት እስኪመጣ የሚይዝ። የጣሪያውን ውሃ በከፍታው ተጠቅማችሁ በቀጥታ ወደ ውጭ አስወጡት። ፓምፑ የግቢውን ብቻ ሲገፋ ሥራው በብዙ ይቀልለታል። በሩ ላይ ደግሞ የመንገዱ ጎርፍ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ ጉብታ አድርጉ፤ መኪና የሚያልፈው፣ ውሃ ግን የማያልፈው።

ከባድ ዝናብ ሲጥል የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ፍሳሽ ይወጣል። ግቢው ከመነጠፉ በፊት አልነበረም።

ቀድሞ የፍሳሽ መስመሩ ሲሞላ ፍሳሹ ግቢ ባለው ማንሆል ይገነፍል ነበር። አሁን ማንሆሉ ታሽጓል ወይም አንገቱ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ቀጥሎ ዝቅተኛ ወደሆነው ቀዳዳ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ነው። የግቢው ዝቅተኛ የፍሳሽ መውረጃ ከቤቱ ወለል ሁልጊዜ በታች ይሁን። ያም ካልበቃ ከግቢው መውጫ ማንሆል ላይ ውሃ ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ በሚከፈት ማንሆል ውስጥ ይቀመጥ፤ ቆሻሻ ሲይዘው መጠረግ አለበት። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚመጣ ከሆነ የዝናብ ውሃ ከፍሳሹ መስመር ጋር የተቀላቀለበትን ቦታ ፈልጉ። ጥፋቱ ምናልባት እናንተው ግቢ ውስጥ ነው።

ተነጥፎ አልቋል፣ ግን ውሃ ይቋጥራል። ሳይፈርስ ይስተካከላል?

እንደ ጥፋቱ ነው። ጎማ ከፍታችሁ ግቢውን ሁሉ አርጥቡ፤ ከዚያ ዝጉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። የቀረውን ኩሬ ዙሪያ በጠመኔ አስምሩ። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ እነዚያን ሴራሚኮች ወይም ድንጋዮች አንስቶ ከስር ሞልቶ መመለስ ይቻላል። ኮብልስቶን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ድንጋዩ ሳይሰበር ይነሳል። ኩሬው በግድግዳው ርዝመት ከሆነ ደግሞ ንጣፉን በግራይንደር ቆርጦ ቀጭን ቦይ ማስገባት ይሠራል፤ ቦዩ ግን መውጫ ያስፈልገዋል። ላዩ ላይ ስስ ሲሚንቶ ማፍሰስን አትሞክሩት፤ በቶሎ ይላቀቃል።

ተዳፋቱ በሙሉ ወደ ቤቱ ከሆነ ግን ይፈርሳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ገና ያላሠራችሁ ካላችሁ ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ የመጨረሻው ክፍያ ከውሃ ሙከራው በኋላ እንዲሆን አስጽፉ። ሙከራው ሠራተኛው ባለበት ይደረግ። ጎማ ካልደረሰ በባልዲም ይሆናል፤ ከበሩ፣ ከየጥጉና ከአሸንዳው ስር እየደፋችሁ እዩት። ማንሆሎቹም በዚያው ተከፍተው ውስጣቸው ይታይ።